ሰባት ጊዜ የታጠበ ጀሪካን

እትዬ ዘሀራ በሞተች ዕለት ፊቷ ፈታ ብሎ ነበር። አጥበው የከፈኗት ሴቶች ወጥተው፣ «ሱብሐነላህ፣ የተኛች ነው እኮ የምትመስለው» አሉ። የከሚሴ ገበያ ሴት ሁሉ ይህንኑ እየተቀባበለ፣ «ሥራዋ ነው ፊቷን ያበራው» ሲል ዋለ። እኔ ጥግ ይዤ አዳምጣለሁ። ሥራዋ መልካም እንደነበር ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። ያንን ፊት የሰጠኋት ግን እኔ ነኝ። የሰጠኋትም በውሸት ነው፤ ለዚያውም ዋላሂ ብዬ።

ከዚህ መጀመር አልፈልግም ነበር። ከሳቋ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ሳቋን የሰማ የባጃጅ ሹፌር ዞር ሳይል አያልፍም ነበር። ግን ስለ እሷ ላወራ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ፊት ነው። እሱን ካልተናገርኩ ሌላው አይወጣልኝም።

እትዬ ዘሀራ የባዶ ጀሪካንና የበርሜል ነጋዴ ነበረች። እኔ ከጎኗ የፕላስቲክ ጫማ ዘርግቼ እውላለሁ። ንግዱንም ስድቡንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ስትወደኝ በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ትለኛለች፤ ስትቆጣኝ በአማርኛ ነው። እናም አማርኛዬ የተስተካከለው በእሷ ቁጣ ነው እያልኩ አበሽቃት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት ናት። ጀሪካን ስትገዛ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርግና ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ በር አንኳኩታ ባለቤቱን የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። ድምፁ ካልጣማት፣ «ይሄስ ሳል ይዞታል» ብላ ትመልሰዋለች።

ዕቃው የሚመጣላት ከኮምቦልቻ ነበር። እዚያ አንድ የባዶ ዕቃ ነጋዴ አለ፤ እሱ ከፋብሪካ ንብረት ክፍል ይገዛል፣ እሷ ከእሱ ትገዛለች፣ የከሚሴና የጨፋ ሮቢት ሰው ደግሞ ከእሷ። ሰኞ ሰኞ የተረፈውን አስጭና ባቲ ትወርድና ለአፋሮች ትሸጣለች። እነሱ ውሃና የግመል ወተት ይጭኑበታል።

ከሌላው ጀሪካን ሻጭ የለያት አጠባዋ ነው። ዕቃውን ቦርከና ወርዳ በአመድና በአሸዋ ታጥባለች፤ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር። ውሻ የላሰው ዕቃ የሚጠራው እንደዚያ ነው፤ ሃይማኖቱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። «ፋብሪካው ምን እንዳስላሰው በምን አውቃለሁ?» ትላለች። የፋብሪካውን ልጣፍ ደግሞ በፈላ ውሃ አርሳ በጎራዳ ቢላዋ ትፍቀዋለች። ልጣፍ የቀረበት ጀሪካን ለእሷ ገና ያልታጠበ ጀሪካን ነው። እኛ ጎረቤቶቿ፣ «የዘሀራ ጀሪካን ሰላት መስገድ ብቻ ነው የቀረው» እያልን እንስቅባታለን። ገዢው ግን አይስቅም። «የዘሀራ ነው፣ ጧሂር ነው፣ ንጹሕ ነው» ከተባለ ዋጋ እንኳ አይከራከርም ነበር።

ከአባባሏ የማይጠፋኝ፣ «ጀሪካን አፍ እንጂ ምላስ የለውም፤ ምላሱ ሻጩ ነው» የምትለው ነው። ያኔ የንግድ ምክር መስሎን ገዢን ለማባበል እንጠቀምበት ነበር።

አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ ሰማያዊ ጀሪካኖች መጡላት። ወፍራሞች፣ ሲያንኳኳቸው ደስ የሚል ድምፅ የሚሰጡ። ልጣፋቸው ላይ እጅ ተስሏል፤ በእጁ ላይ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። እትዬ ዘሀራ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥዕል ግን ታነባለች። የራስ ቅል ያለበትን ዕቃ በነጻ ቢሰጧትም አትነካም። ይህንን እጅ ስታይ ግን ፊቷ በራ።

«የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ነው የነበረበት» አለችኝ። «እዪው፣ ሲያስታጥቡት።»

አየሁት። እውነትም ሲያስታጥቡት ይመስላል፤ «እውነትሽን ነው» አልኳት። በሥሩ በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ነገር ነበር፤ እሷም እኔም ከዚያ ጋር ጉዳይ አልነበረንም። ሳሙና የነበረበት ዕቃ ከሁሉ ይነጻል ብላ እነዚያን ጀሪካኖች ከሌላው አስበልጣ ወደደቻቸው። እንደ ልማዷ ሰባት ጊዜ አጠበቻቸው፣ ልጣፉን ፋቀች፣ አንዱንም ለእህቷ ምራት ለመዲና በስጦታ ሰጠች።

አጠባው ያልደረሰበት አንድ ቦታ ነበር። የዚያ ዓይነቱ ጀሪካን እጀታ ውስጡ ክፍት ነው። በውስጡ የነበረው ነገር እዚያ ገብቶ ይደርቅና እንደ ጨው ጋግሮ ይቀራል። ውሃ ሞልተው ሲያጋድሙት ቀስ እያለ ይሟሟል። መዲና ከመስክ ጠምቷት ገብታ ከዚያ ቀድታ በአንድ ትንፋሽ ጠጣች።

ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሁሉ መርዝ ነው ብሎ ሊያስመልሳት ተረባረበ። ጨው በጥብጦ የሚያጠጣ፣ ጣቱን ጉሮሮዋ የሚከት። እትዬ ዘሀራና እኔ ይዘናት ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «አስመልሳችኋታል?» ብሎ ነው። አዎ ስንለው ግንባሩን ያዘ። ቀጥሎ ወደ እትዬ ዘሀራ ዞረ።

«ጀሪካኑ ውስጥ ምን ነበር?»

«ሳሙና» አለች።

«የምን ሳሙና?»

«የእጅ።»

«ልጣፉ የታለ?»

የፋቀችበትን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

ስልክ መደወል ጀመርን። ደዋይዋ እኔ ነኝ፤ እሷ አጠገቤ ቆማ ከንፈሬን ታያለች። የኮምቦልቻው ነጋዴ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ንብረት ክፍሉን ጠይቁ» አለ። የንብረት ክፍሉ ሰው ቁጥሩን እስክናገኝ ጊዜ ወሰደ። እሱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩን በእርጋታ ነው ያስረዳኝ። «ወረቀት አለው፣ እህቴ። ስሙም፣ ጉዳቱም፣ ሰው ቢጠጣው ምን እንደሚደረግም ተጽፎበታል። ግን ወረቀቱ ከሙሉው ጋር ነው የሚሄደው፣ ከባዶው ጋር አይሄድም።» በኋላ የልጣፉን ፎቶ ላከልን። ሐኪሙ አነበበው። ቧንቧና ጋን የሚታጠብበት ኮስቲክ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው እጅ እየታጠበ አልነበረም፤ ፈሳሹ እየበላው ነው። ከሥሩም፣ «የጠጣን ሰው አታስመልሱ» ይላል። ሲወርድ ያቃጠለው፣ ሲወጣ ደግሞ ያቃጥላልና።

መዲና ተረፈች። ጉሮሮዋ ጠባሳ ይዞ ጠበበ፤ እስከ ዛሬ ከአጥሚትና ከሾርባ በቀር አይወርድላትም፤ ድምፅዋም የሌላ ሰው ሆነ። ገና ሆስፒታል ሳለች እትዬ ዘሀራ አልጋዋ ሥር ተንበርክካ፣ «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት። በእኛ ዘንድ የሰውን ሐቅ ባለቤቱ ካላለፈው አላህም አያልፈውም ነው የሚባለው። ስለዚህ ሰው በሕይወቱ እያለ፣ በራሱ አፍ ይጠይቃል። መዲና መናገር አልቻለችም፤ እጇን አንስታ በእትዬ ዘሀራ ራስ ላይ አኖረችው። እትዬ ዘሀራ ያን ዕለት ያለቀሰችውን ለቅሶ ለማንም አልመኝም።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ሄደን ነጋዴውን አገኘነው።

«እኔ የሸጥኩልሽ ባዶውን ነው» አለ።

«እኔም የሸጥኩት ባዶውን ነው» አለችው። «እና መዲናን ያቃጠላት ማን የሸጠው ነው?»

ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። የንብረት ክፍሉም፣ ነጋዴውም፣ ልጣፉን ያተመውም ፋብሪካ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ነገር ነበረባቸው። ሁሉም የየድርሻውን ለቀጣዩ አሳለፈ። እሷ ዘንድ ሲደርስ የሚቀበላት ስላልነበረ ሁሉንም ተሸክማ ቀረች። እኔ ሥዕሉን አብሬያት አይቼ «እውነትሽን ነው» ያልኩት እንኳ፣ ከእኔ ላይ ወስዳ በራሷ ላይ ቆጠረችው።

የሸጠቻቸውን ሰማያዊ ጀሪካኖች ከከሚሴና ከጨፋ ሮቢት ቤት ለቤት እየዞረች ሰበሰበች፤ በምትኩ ደህናውን እየሰጠች። አንዱን ግን ባቲ ላይ ለማታውቀው አፋር ሸጣዋለች። ሰውየው ገዝቶት ግመሉ ላይ ጭኖ ወደ ቆላ ወርዷል። እዚያ ስልክ የማይሠራበት አገር ሰፊ ነው። ያቺ አንዲት ጀሪካን እንቅልፏን ወሰደችው። ሳልሸጥ እየዋልኩ አብሬያት ባቲ መውረድ የጀመርኩት ያኔ ነው።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ተራ በተራ ይነጋገራል፤ ያም ለሚቀጥለው ያደርሳል። በባቲ ገበያ ፍየል የሚሸጡ አባ ሁመድ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ከእትዬ ዘሀራ ጋር የቆየ ትውውቅ ነበራቸው። ለእሳቸው ልትነግር ወሰነች። ሚኒባሱ ውስጥ ጎኗ ተቀምጬ መከርኳት።

«ስምሽን አትጥሪ» አልኳት። «‹ሰማያዊ ጀሪካን ተጠንቀቁ› ብትዪ በቂ ነው። ስምሽ አንዴ እዚያ ከወረደ ባቲ ላይ ማን ይገዛሻል?»

«ገበያው ላይ ሰማያዊ ጀሪካን ስንት ነው?» አለችኝ። «የማንን ብለው ይለዩት?»

እኔ የማስበው ስለ ንግዱ ነበር።

አባ ሁመድ ከከብት ተራው አጠገብ ጥላ ሥር አስቀመጡን። «ዳጉ የገበያ ወሬ አይደለም» አሏት። «ያየሽውን አየሁ ትያለሽ፣ የሰማሽውን ሰማሁ ትያለሽ። ቀንሰሽ ከነገርሽኝ እኔን ውሸታም ታደርጊኛለሽ።»

እሷም ጀመረች። «እኔ የከሚሴዋ ዘሀራ ነኝ፤ ጀሪካን ሻጭዋ፣ ረጅሟ። ሰማያዊ ጀሪካን ሸጫለሁ። ልጣፉን እኔው ፍቄዋለሁ። ሳሙና ነበረበት ብዬ ሸጥኩ፤ ሳሙና አይደለም፣ የሰው ጉሮሮ የሚበላ ነገር ነው። አጥቤዋለሁ፤ አጠባዬ አልደረሰበትም። የገዛኝ ሰው አጭር ነው፣ ግመሉ አንድ ጆሮው ተቆርጧል። ጀሪካኑን ይጣለው። የጠጣ ሰው ካለ እንዳታስመልሱት፤ አፉን በውሃ አጥባችሁ ሐኪም ቤት አምጡት። አውፍ በሉኝ።»

አባ ሁመድ ደግማ እንድትል አደረጓት። ከዚያ ራሳቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መለሱላት፤ ቃል አልጨመሩም፣ ቃል አልቀነሱም። በስልክ ያን ሁሉ ሰው ሳዳርስ አንዱ የሌላውን ቃል እንደዚህ አልያዘልኝም ነበር።

የፈራሁት ደረሰ። የባቲ ገዢ ከእሷ ሸሸ። ሌሎቹ ጀሪካን ሻጮች፣ «በገዛ አፍሽ ገበያችንን ዘጋሽው» ብለው ሰላምታ ነሷት። እሷ ግን የምትሸጠው ሳይኖራት ሰኞ ሰኞ ባቲ ትወርዳለች። አባ ሁመድን አግኝታ፣ «መልስ መጣ?» ትላለች። «ገና ነው» ይሏታል። ተመልሰን እንመጣለን። አንዳንዴ መንገድ ላይ ሳቋ ያመልጣትና ወዲያው ትደነግጣለች፤ ያልተፈቀደላት ነገር የነካች ይመስል አፏን ትይዛለች። ሳቅ የማይሆንላት ሴት ስታረጅ አይቻለሁ፤ ሳቅ የሚሆንላት ሴት ራሷን ስትከለክል ማየት ግን ይብሳል።

እትዬ ዘሀራ የቆየ የስኳር በሽታ ነበረባት፤ ኩላሊቷን ሲነካ አልጋ ላይ ዋለች። እግሯ አበጠ፤ ምግብ እምቢ አላት። ብቻዬን ባቲ ላከችኝ። ያን ሰኞ አባ ሁመድ ከሩቅ ሲያዩኝ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ መልሱ መምጣቱን ያኔውኑ አወቅሁ።

ጀሪካኑ ተገኝቷል። ሰውየው ቤቱ እንደገባ ትንሿ ልጁ ከጀሪካኑ ወተት ጠጥታለች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞታለች። ምን እንደገደላት ማንም አላወቀም። ከቀበሯት በኋላ ጀሪካኑን ማንም አልጣለውም፤ አጋድመውት ነበር፣ ሊቀዱበትም አስበው ነበር። ዳጉው ደርሶ ነው ያስጣላቸው።

«እናትየዋ እንዲህ ብላለች» አሉኝ አባ ሁመድ። «‹ሌሎቹ ልጆቼ ያሉት በዚያች ሴት አፍ ነው። ልጄን የወሰደችውም እሷ ናት። የሞተችው ልጄ መሆኗን ሰምታ፣ ከራሷ አፍ ቃል ከላከችልኝ አውፍ እላታለሁ።› የዘሀራን ቃል ይዘሽልኝ ነይ።»

ከባቲ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ ያንን ይዤ ተቀመጥኩ። ቤቷ ስገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከአንገቷ ቀና ለማለት ሞከረች።

«ኢንተላ ኮ፣ ምን ይዘሽ መጣሽ?»

ፊቷን አየሁት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«ተገኘ» አልኳት። «ሰውየው ውሃም ወተትም አላስነካውም። ለከብቶቹ ጨው ነው ያስቀመጠበት። ዳጉው ሲደርሰው ጣለው።»

«ማንም አልጠጣበትም?»

«ማንም።»

«ዋላሂ በይ።»

«ዋላሂ።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። የነጋዴ ዓይን ነው፣ የታመመም ቢሆን። ከዚያ፣ «ልጆች አሉት?» አለችኝ።

«አሉት። ደህና ናቸው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ያ ረቢ።» አጥሚት አምጡልኝ አለች። ስንት ጊዜ እምቢ ያለችውን አጥሚት ጨለጠችው። እህቷ ከጓዳ ወጥታ እጄን ሳመችኝ። ያ ፊት የመጣው የዚያን ዕለት ነው፤ እስክትሞትም አልተለያት።

ለእሷ ብዬ ነው እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ነው ግን። ግማሹ ለራሴ ነው። ልጅቷ መሞቷን ስነግራት የሚሆነውን ፊት ማየት ፈርቼ ነው። ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሌሎቹ ልጆች በእሷ አፍ መትረፋቸውንም አብሬ ቀብሬዋለሁ። ገበያዋን፣ ስሟን፣ ሳቋን የከፈለችበት ነገር መሥራቱን ሳትሰማ ሄደች። እኔ የነገርኳት፣ ከመጀመሪያውም ምንም አደጋ እንዳልነበረ ነው።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ ገና ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ አባ ሁመድ መጡ። ከባቲ ያን ሁሉ መንገድ በሚኒባስ መጥተው፣ ዱዓ አድርገው፣ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ። በኋላ በራፉ ላይ ጠሩኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ አሁንም ስለ ፊቷ ያወራሉ።

«ቃሏ ምን ነበር?» አሉኝ። «እናትየዋ ትጠብቃለች።»

ሰምታ ቢሆን የምትለውን ቃል አውቀው ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልደረድርላቸው እችል ነበር፤ ድምፅዋ ጭምር ጆሮዬ ውስጥ አለ። ብናገረው ያምኑኝ ነበር፣ አንድ ቃል ሳይቀንሱም ያደርሱት ነበር። ሁለተኛ ለመዋሸት ግን አፌ እምቢ አለኝ።

«አልነገርኳትም» አልኩ። «ማንም አልጠጣበትም ብያት ነው የሞተችው።»

አባ ሁመድ አልተቆጡኝም። በትራቸው ላይ ደገፍ አሉ።

«እኔ ልሂድላት?» አልኳቸው። «በእሷ ቦታ ሆኜ እናትየዋን እግሯ ላይ ወድቄ ልለምናት።»

«መምጣቱን ነይ» አሉ። «ያንቺን አውፍ ትጠይቂያለሽ። ያቺ እናት የፈለገችው ግን የዘሀራን ቃል ነው። እንግዲህ የእነሱ ነገር ለቂያማ ቀረ።»

ይህን ብለው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ለቅሶው ካለቀ ወዲህ ጫማዬን ዘርግቼ እውላለሁ፤ ወደ ቆላው የመውረጃ ቀኔን እቆርጣለሁ፣ እሰርዘዋለሁ። ያንን የቂያማ፣ የፍርድ ቀን ግን ሳላስበው የማድርበት ጊዜ የለም። እናትየዋ ልጇን ይዛ ሐቄን ብላ በእትዬ ዘሀራ ፊት ትቆማለች። እትዬ ዘሀራም ያንን የተፈታ ፊቷን እንደያዘች፣ ስለ ምን እንደምትጠየቅ እንኳ ሳታውቅ፣ እኔን ዞር ብላ ታየኛለች።